ዘነቡ የለየቻቸው ጫጩቶች

አንዲት ሴት ነበረች። ባለጸጋ አይደለችም፤ የቸገራትም አይደለችም። እንደ እናንተው ጓሮዋ ጎመን ያላት፣ ደጇ ላይ ዶሮ የሚጭርላት ሴት ናት። ስሟን ዘነቡ እንበላት።

ዘነቡ በሰፈሯ የታወቀችበት አንድ ነገር ነበራት። ወንዱን ጫጩት ከሴቷ ትለያለች። ጫጩት መቼም አይታችኋል፤ ሁሉም የሚንጫጫ እፍኝ ጥጥ ነው። ወንዱ የቱ ነው? ሴቷስ የቷ ናት? ማን ያውቃል? ዘነቡ ግን በእግራቸው ዘቅዝቃ ይዛ ታያለች። አንገቱን ወደ ላይ ካቀና፣ «ይሄ አውራ ነው» ትላለች። ዝም ብላ ከተንጠለጠለች ደግሞ፣ «ይቺ እንቁላል ጣይ ናት» ትላለች። ሰፈሩም ያምናታል።

እናኑ የምትባል ጎረቤት አለቻት። ወጣት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች። ዶሮ የላትም። ዘነቡ አንዲት ዶሮ በርቢ ሰጠቻት። ርቢን ታውቁታላችሁ፤ ዶሮዋ የአንዷ፣ ድካሙ የሌላዋ፣ ጫጩቱ እኩል።

እናኑም ደከመች። እንቁላሉን አስታቀፈች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ከጭልፊት ጠበቀች፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባባት በሩ ሥር ድንጋይ ደረደረች። ለምን ይመስላችኋል?

«አንዲት ሴት ዶሮ ብቻ ትድረሰኝ» ትል ነበር። «ከዚያ ወዲያ የሰው ዶሮ አልጠብቅም። ልጆቼም የቤታቸውን እንቁላል ይበላሉ።»

ይኸው ነው ምኞቷ። ዘነቡም ይህን ታውቃለች።

ወጉ ጫጩቶቹ አድገው አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እስኪለይ ጠብቆ መካፈል ነው። ዘነቡ ግን አልጠበቀችም። ገና ከእናታቸው ክንፍ ሥር መውጣት ሲጀምሩ መጣች።

«ነይ እንካፈል አንቺ ልጅ። ሸለምጥማጥ ከጨረሳቸው በኋላ ላባቸውን ልንካፈል ነው?»

ወጉ ደግሞ እንዲህ ነው፤ አንዷ ትከፍላለች፣ ሌላዋ ትመርጣለች። እናኑ ጥሬ ልታመጣ ጓዳ ስትገባ ዘነቡ ስምንቱን ጫጩት እየዘቀዘቀች አየች። አውራዎቹን በአንድ ቅርጫት፣ ሴቶቹን በሌላው አደረገች። ቶሎ ብላ፣ ኋላዋን እያየች።

እናኑ ተመለሰች። መምረጥ የእሷ ፋንታ ነው። ቅርጫቶቹን አየች፣ ዘነቡን አየች፣ ሳቀች።

«እኔ ምን አውቄ እመርጣለሁ እትዬ ዘነቡ? እርስዎ እያሉ! የሚበጀኝን እርስዎ ይንገሩኝ።»

ወገኖቼ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሰው አምኗችሁ ምርጫውን በእጃችሁ ሲያስቀምጥላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ዘነቡ ወደ አውራዎቹ ጠቆመች። «እነዚህን ውሰጂ፤ ጠንካሮች ናቸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» አለች እናኑ፤ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች።

ዘነቡ ቅርጫቷን አቅፋ ቤቷ ገባች። ከማግስቱ ጀምሮ ከአጥሩ ማዶ የእናኑ ልጆች ለጫጩቶቹ ስም ሲያወጡ ትሰማለች።

«ይቺ እሜቴ ናት፤ አረማመዷን እይው!»

«እማዬ፣ እሜቴ መቼ ነው እንቁላል የምትጥለው?»

«ቆይ ትደግ እንጂ። ምነው ቸኮልሽ?»

ዘነቡ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትስባለች። እሜቴ አውራ ዶሮ እንደሆነች ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለማ! እንዴት አድርጋ ትንገራቸው?

እናኑን መሸሽ ጀመረች። በደጃፏ ማለፍ ትታ በላይኛው መንገድ ትዞራለች። እናኑ ደግሞ «ምን አስቀይሜያቸው ይሆን?» እያለች ትጨነቃለች። አያችሁ ነገሩን? በዳይዋ ትሸሻለች፤ የተበደለችው ቁጭ ብላ የራሷን ጥፋት ትፈልጋለች።

ጫጩቶቹ አደጉ። አንድ ማለዳ ዘነቡ ከጓሮዋ የጎረነነ፣ ግማሹ ጉሮሮ ውስጥ የቀረ ጩኸት ሰማች። ወጣች። ሴት ናቸው ብላ ከወሰደቻቸው አንዱ አጥር ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን መዝዞ መጮህ ይለማመዳል። ሁለቱ ደረት ለደረት ተገጣጥመው ይዋጋሉ። አናታቸው ቀልቷል። ከአራቱ አንዷ ብቻ ቄብ ናት፤ እሷም ፈርታ ጥግ ይዛለች።

ዘነቡ ምን አደረገች? ተናደደች? ዕድሏን ረገመች? ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ወደ እናኑ ቤት ሮጠች።

«እናኑ! ያንቺዎቹ… ያንቺዎቹ ምን ወጣቸው?»

እናኑ ደንግጣ ብቅ አለች። «ምነው እትዬ? ደህና ናቸው። ሦስቱ ቄብ ሆኑ፤ አንዱ ብቻ ነው አውራ። እሜቴማ እሱን ኋላዋ እያስከተለች ትንጎራደዳለች።»

ዘነቡ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! እንኳን አላወቅሁበት!» ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ትንፋሿ እስከ ሆዷ ድረስ ከወረደ ስንት ጊዜው!

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ተነስታ መሄድ ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል? ተንኮሏ አልያዘም፤ ዝም ብትል ዝም ነው። እሷ ግን አልሄደችም።

«ስሚኝ እናኑ። አውራ ናቸው ብዬ ነው እነዚያን የሰጠሁሽ። አንቺ አምነሽኝ፣ እኔ አታለልኩሽ። ሳልችልበት ቀረሁ እንጂ።»

እናኑ በእጇ የያዘችውን ጥሬ ለዶሮዎቹ በተነች፤ እጇን አራገፈች።

«ለዚህ ነው በላይኛው መንገድ ሲዞሩ የከረሙት?»

«ለዚሁ ነው።»

«እኔ ደግሞ ምን ብያቸው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል!» ድምጿ ቁጣ ነበረበት፤ የእውነት ቁጣ። ጥቂት ቆይታ ግን ከንፈሯ ለሳቅ ተሸነፈ። «በሉ እሺ። ከእንግዲህ የምከፍለውም የምመርጠውም እኔ ነኝ። እርስዎ ጫጩት እንዳይነኩብኝ! ይነሱ አሁን፣ ደጅ አይቀመጡ፤ ይግቡ።»

ወገኖቼ፣ ያሰብነው ሲሳካልን ተመስገን እንላለን። ደግ ነው። ያሰብነው ክፋት ሳይሳካ ሲቀርስ? ለዚያ ያመሰገነ ማን አለ? ጎረቤታችሁን ለማሳጣት የተናገራችሁት ቃል ሰሚ ያጣበት ቀን የለም? የወንድማችሁን ድርሻ ልትወስዱ ተነስታችሁ መንገዱ የጠፋባችሁ ቀን የለም? ያን ቀን አዝናችሁ ይሆናል። እግዚአብሔር ግን በሩን የዘጋው ለጎረቤታችሁ ብሎ ብቻ መሰላችሁ? ለእናንተም አዝኖ ነው እኮ!

ታዲያ ዘነቡ ተንኮሏ ስላልያዘ ንጹሕ ነበረች? አልነበረችም። ጫጩቶቹን እግዚአብሔር አስተካከለላት፤ እናኑን ግን ራሷ ሄዳ ማግኘት ነበረባት።

አሁን ይህን ስናገር የአንድ ሰው ስም ወደ ልባችሁ መጥቷል። አትፍሩ። ያሰባችሁበት ክፉ ካልደረሰበት ደስ ይበላችሁና ሂዱ፣ ንገሩት። ደርሶበት ከሆነም ገና በሕይወት ሳለ ካሱት። መናገሩ ይከብደናል ትሉኛላችሁ። ልጆቼ፣ እስከ ዛሬ ዝም ብላችሁ የተሸከማችሁትስ ቀሎላችሁ ነው?