የእመት ደብሪቱ ስልቻ

ተረትና ምሳሌ እንደ እንጉዳይ ዝም ብሎ ከመሬት የሚበቅል የሚመስላችሁ አላችሁ። አይደለም! ይህን አሁን የምነግራችሁን አባባል በየሽምግልናው ትሰሙታላችሁ፤ ከማን ስልቻ እንደወጣ ግን ብትጠየቁ አንዳችሁም አታውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ ስሙኝ።

በጠገራ ብር ዘመን በአንዲት የገበያ ከተማ እመት ደብሪቱ የምትባል ባለአደራ ነበረች። ያኔ ባንክ የለ ምን የለ፤ ነጋዴው ሁሉ ብሩን የሚያኖረው እሷ ዘንድ ነው። ሊሄድ ሲል ብሩን ጥሬ ቆዳ ስልቻ ውስጥ ትከትና፣ ቆዳው እርጥብ ሳለ አፉን በጠፍር ሰፍታ ትሰጠዋለች። ከደረቀ በኋላ እንደ ድንጋይ ነው፤ ካልቀደዱት አይከፈትም። የተቀደደ ስልቻ ደግሞ ማንም አይቀበልም፤ "መንገድ ላይ ተነካክቷል" ይባላላ!

አንድ ቀን ሙሄ የሚባል ነጋዴ አደራውን ሊወስድ መጣ። ወንድሙ በጠብ ሰው ገድሎ በሟች ዘመዶች እጅ ወድቋል፤ ብሩ የደም ካሳ ነው። ካሳው ካልደረሰ ወንድሙ መሞቱ ነው። ደብሪቱ ስልቻውን ሰፍታ፣ መርቃ ሸኘችው።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ብትገባ የሙሄ ብር ከነከረጢቱ ቁጭ ብሏል። ክው አለች። የሰፋችለት ለካ ለአንጥረኛ የለየችውን የተፋቀ ጠገራ ኖሯል፤ መልኩ የጠፋ፣ ገበያ ላይ ማንም የማይቀበለውን።

ታናሽ ወንድሟ ጓንጉል ይህን ሲሰማ ዘሎ በሩን ዘጋ።

"እታለም፣ ዝም በይ! የሚከፈተው እኮ አገር አቋርጦ ነው። መንገድ ላይ ተለወጠ ይባላል እንጂ አንቺን ማን ይጠረጥራል? ተሳሳትኩ ካልሽ ግን ከነገ ጀምሮ አደራ የሚሰጥሽ አታገኚም።"

"የሰው ነፍስ በኔ ስፌት ታስራ ዝም ልበል? ወግድ! ይልቅ በቅሎዬን ጫን።"

ሙሄና አብረውት የሚጓዙት ነጋዴዎች ከከተማው ማዶ ወንዝ ዳር ሰፍረው አጋሰሶቻቸውን ሲያጠጡ ጓንጉልን አስከትላ ደረሰች። እሪ አላለች፣ ደረቷን አልደቃች። የመንገዱን አለቃ፣ ሽማግሌውን ነጋድራስ እንድሪስን እጅ ነሳችና ሁሉም እየሰማ፣

"ሙሄ፣ ተሳስቻለሁ" አለች። "የሰፋሁልህ የተፋቀ ብር ነው፤ ያንተው ይኸውና። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም።"

ሙሄ ተስፈንጥሮ ተነሳ። "ምን? አንቺ ሴትዮ ወንድሜን ልታስገድይው ነበር እኮ! ይህን ባቀርብላቸው 'ቀለደብን' ብለው እፊቴ ነበር የሚያርዱት!"

"እውነትህን ነው፤ መቆጣት ይገባሃል" አለች ድምጿን ሳታነሳ። "እየተቆጣህ ስልቻውን አቀብለኝ፤ ፀሐዩ ቆዳውን አድርቆ ሳይጨርስብኝ።"

ስልቻው እንዲደርቅ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ጎኑ መጠንከር ጀምሯል፤ አፉ ግን ገና እንደራሰ ነው። ጠፍሩን በወስፌ ፈታች፤ የተፋቀውን አወጣች፤ ያመጣችውን ብር ሙሄ ራሱ እያገላበጠ እንዲያይ አድርጋ ከተተችና መልሳ ሰፋችው።

ሙሄ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣበት። በንዴት "አንቺ" ያላትን አሁን አንቱ እያለ፣ "ይቅር ይበሉኝ እመት! ወንድሜን አተረፉልኝ። ከእንግዲህ አደራዬን ከርስዎ በቀር ለማንም አልሰጥም" አላት። ሌሎቹም "እኛም! እኛም!" አሉ።

ደብሪቱም እፎይ ብላ ከተቀመጠች በኋላ ጓንጉል የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ፣ "ይህን ያህል መሮጥ ምን አስፈለገ? ሄዶ ራሱ ከደረሰበት በኋላ ቢነገረውስ?" ብሎ አጉረመረመ።

ነጋድራስ እንድሪስ ስፌቱን ዳሰሱና እርጥብ ጣታቸውን አሳዩት፤ ከዚያ ከማዶ ገና ወደምትታየው ከተማቸው እየጠቆሙ እንዲህ አሉት፦ "አንተ ልጅ፣ ስሕተት የሚታረመው እህትህ እንዳረመችው ነው፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።"