አፋቸውን ወደ ላይ የከፈቱ ብርጭቆዎች

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አዳማ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዲስ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሥራ ጀመረ። ዕቃ አጣቢዋ ጎድጓዳ ሳህኖቹን በአፋቸው ደፍታ ደረደረች። ብርጭቆዎቹን ግን ሥራ አስኪያጁ አቶ ድንበሩ፣ «ውሃው ይግባባቸው እንጂ!» ብለው አፋቸውን ወደ ላይ አስደረጓት። «ኧረ ጋሼ!» ብትል ማን ሰምቷት።

ማሽኑ ሲከፈት ሳህኖቹ ያበራሉ፤ ብርጭቆዎቹ እጣቢ ሞልተዋል። ይሄኔ የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት ገቡ። አቶ ድንበሩ ቀደም ብለው ወደ ዕቃ አጣቢዋ ዞሩ።

«ጥፋቱ የማን ነው? የማሽኑ እንዳትይ፣ የገዙት እሳቸው ናቸው። የእኔ እንዳትይ፣ አለቃሽ ነኝ። ሌላ ጥፋተኛ ካላመጣሽ ዛሬውኑ ተሰናብተሻል!»

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ አደራረቀች።

«የብርጭቆዎቹ ነዋ፣ ጋሼ። ሳህኖቹ ጎንበስ ብለው ገቡና ጸድተው ወጡ። እነዚህ ግን ቀና ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው ገቡና የሰው እጣቢ ተሸክመው ወጡ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሴትዮዋም ሥራዋ ላይ ቆየች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በአቶ ድንበሩ መሳቢያ ውስጥ የስንብት ደብዳቤዋ ተገኘ። ምክንያቱ «ብርጭቆ በማቆሸሽ» ይላል። የተጻፈበት ቀን ግን ሰኞ ነው፤ ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት።