ሹሉን ጨው የምትበላው ቅምሻ

ተረት አለኝ! አምጣው በሉኝ! እንኪያስ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ በጣና ዳር አላምረው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበረ። በአላምረው አንጀት ውስጥ ደግሞ ዓይን የማያያቸው ብዙ ነዋሪዎች ነበሩ። አንዱ ገንፎውን፣ አንዱ ባቄላውን ሲበላ፣ ከሁሉም የምታንሰው ቅምሻ ከቅጠላቅጠሉ ጋር የሚገባውን፣ የወጥ ጨው ያልሆነውን ሹል ጨው ብቻ ትበላ ነበር።

«ይህም ምግብ ሆኖ!» እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባታል።

«እኔ ካልበላሁት ማን ይበላዋል?» ትላለች። ከዘመዶቿ ጋር ሆና ቁርጥም፣ ቁርጥም!

አንድ ክረምት አንጀት ታመመ። ቆሰለ፤ ነደደ፤ ተቅማጡም እንደ ጎርፍ ወረደ። ጎርፉ የቅምሻን ዘመዶች ጠራርጎ ወሰዳቸው። እሷ ብቻ አንዲት እጥፋት ውስጥ ተለጥፋ ቀረች። ብቻዋን ስንቱን ትጨርስ? የተረፈው ጨው በደም ተሳፍሮ ወደ ኩላሊት ነጎደ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ፍሬ ጨው የኩላሊትን ደጅ መታ። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድረኝ።»

«ግባ» አለ ኩላሊት።

በሁለተኛው ቀን ሌላ መጣ። «ወንድሜን ልጠይቅ።»

«ግባ።»

በሦስተኛው ቀን ዘመድ አዝማዱ ግር ብሎ ገባ። ተቃቅፈው ድንጋይ ሆኑ።

«በሉ እንግዲህ ውጡልኝ!»

«ቤቱማ የኛ ነው!» አለ ድንጋዩ።

አላምረው ሐይቁ መሐል መቅዘፊያውን ጥሎ ጎኑን ያዘ። «ወገቤን! ወገቤን!» ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው ቀዝፈው ዳር አደረሱት።

ሚስቱ አንጓች «አንጀትህ ሳይድን ጎንህ አይድንም» አለችው። «ውሃ ጠጣ፤ ቅጠሉን ቀንስ፤ እርጎም አይቅርብህ።»

«ውሃ ላይ እየዋልኩ ውሃ ጠጣ ትይኛለሽ?»

«ላዩ ላይ መዋል መጠጣት ነው እንዴ? ጠጣ!»

ጠጣ። አንጀቱም ቀስ በቀስ ሻረ። ከእርጎው ጋር አዳዲስ እንግዶች ሲገቡ፣ ቅምሻ ከእጥፋቷ ዘላ ወጣች።

«ሹል ጨው ትበላላችሁ?»

«እንሞክረዋለን!»

«እልልል! ኑ! ኑ! ቁርጥም!»

ለድንጋዩ የሚጨመር ጨው ጠፋ። ያን ጊዜ ውሃው መጣበት።

«ውጣ!»

«አልወጣም!»

«ውጣ!»

«አልወጣም አልኩህ!»

በሦስተኛው ውሃው እንደ ዓባይ ሆኖ ገፋው። ድንጋዩ እየቧጨረ፣ አላምረውን በላብ እያጠመቀ፣ ቷ! ብሎ ወደቀ።

«ወጣ! አንጓች፣ ወጣ!» አላምረው ሱሪውን ሳይታጠቅ ሮጠ።

ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተም ይህን ያዙልኝ፦ ትንሹን ጎረቤት የናቀ፣ ድንጋይ ያስተናግዳል።