ከምንጣፉ ሥር ያለው ባዜቃ

«አባቴ፣ በደሌን እግዚአብሔር ካወቀው፣ ለእርስዎም ተናዝዤ ንስሐ ከገባሁ፣ ለወንድሜ መናገሩ ምን ይጨምራል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ቁጭ በልና ስማ።

አንድ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ማለት ነው፣ ነበረ። ጡረታ ከወጣ በኋላ በቤቱ የጎረቤቶቹን ደም ግፊት ይለካ ነበርና ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ታማሚ በመጣ ቁጥር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ማለት ይወድ ነበር። አንድ ቀን በእናቱ መኝታ ክፍል መለኪያው ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። በውስጡ የነበረው ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት ፈሳሽ ብረት፣ እንደ ምስር እየተንከባለለ በወለሉ ተበተነ። ባዜቃ ያለ ሽታ እንደሚተንና የተነፈሰውን ሰው እንደሚመርዝ ያውቃል፤ ለስንቱ ያስተማረው እሱ ነው። እናቱን ከክፍሉ አውጥቶ ሰው መጥራት ነበረበት። ግን «ዶክተሩ ሰበረው» መባልን ፈራ። በመጥረጊያ ጠረገው፤ ባዜቃ ደግሞ ሲጠርጉት ይብስ ይደቅቃል። በጣውላው ስንጥቅ የገባውን ትቶ ምንጣፍ አለበሰው።

ክረምት ስለነበር ለአሮጊቷ ማንደጃ ይገባላቸዋል። ክፍሉ ሲሞቅ መርዙም ይነሣል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እንቅልፍ አጡ፤ ድዳቸው ደማ። ጎረቤቱ «የሰው ዓይን ነው» አለ። ልጅየው እውነቱን እያወቀ ጠበል ወሰዳቸው።

እዚያ ሁለት ወር ሲከርሙ እጃቸው ጸና። «ልጄ ባያመጣኝ ሞቼ ነበር» እያሉ በሰው ፊት መረቁት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ተቀበለ። እንዲህ ያለ ምርቃት ከእርግማን ይከብዳል። ቤታቸው ተመልሰው ወር ሳይሞላ ኩባያ ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን በድዬው ይሆን ልጄ፣ እግዚአብሔር እንደገና የተቆጣኝ?» ሲሉ ጠየቁት።

ያን ጊዜ መሬት ብትውጠው በወደደ። ጎረቤቶቹን ጠርቶ በፊታቸው ምንጣፉን ገለጠና «እማዬ፣ በዳዩ እኔ ነኝ» አለ። ከጤና ጣቢያ የመጡ ሰዎች ጓንት አጥልቀው ወለሉን አነሡት። እናቱ ይቅር ብለውታል፤ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሻይ ሲጠጡ ኩባያውን የሚይዝላቸው እሱ ነው፤ ቀና ብሎ ግን አያያቸውም።

እንግዲህ ልጄ፣ እግዚአብሔርማ ባዜቃው ሲፈስም አይቶታል። ያላወቁት በላዩ የሚተኙት ነበሩ። አንተ በደልህን ከእኔ ዘንድ አራግፈህ ትሄዳለህ፤ ወንድምህ ግን ያንተን ጥፋት የራሱ መስሎት «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለ ይታመማል። ሂድና ንገረው። ታፍራለህ፤ እፈር።