ኮት ያስደረበው ቅዝቃዜ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ዳይሬክተር የስብሰባ አዳራሹን ማቀዝቀዣ ራሳቸው መርጠው ስላስገዙ፣ ክፉ እንዲነገርበት አይፈልጉም ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ቅዝቃዜው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። የክፍል ኃላፊዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ «ኧረ በረደን!» አሉ። አንደኛውማ ጭራሽ ኮት ደረበ። ግድግዳው ላይ ያለው ዲጂታል የሙቀት መለኪያ ግን ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ይላል።

ዳይሬክተሩ ተቆጡና መለኪያውን የገጠመችውን ምላሰኛ ቴክኒሻን አስጠሩ።

«ወይ ያንቺ መለኪያ ዋሽቷል፣ ወይ እነዚህ ሁሉ ኃላፊዎች ዋሽተዋል። መለኪያው ከሆነ ትባረሪያለሽ፤ እነሱ ናቸው ካልሽ በስም ማጥፋት ትከሰሻለሽ። በይ ተናገሪ!»

ሴትየዋ ቁጥሩን አየች፤ ኮት የደረበውንም አየች።

«ማንም አልዋሸም ጌታዬ፤ ሁሉም ያነበበውን ነው የተናገረው። መለኪያው አዳራሹን ያነባል፤ እነሱ ደግሞ የእርስዎን ፊት።»