የወርቂቱ ወፍጮ

ተረት ልፈጭላችሁ ነው፤ ጆሯችሁን ቁና አድርጋችሁ ያዙልኝ። ያዛችሁ?

ድሮ፣ ሰው ሰውን በሚሸጥበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ጓንጉል የሚባል ባላባት ነበረ። በቤቱ ወርቂቱ የምትባል ባሪያ ነበረችው። ሥራዋ መፍጨት ነው። ሲነጋ ትፈጫለች፣ ሲመሽም ትፈጫለች።

አንድ የድግስ ቀን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሳለ ወርቂቱ ጓንጉል እግር ሥር ወደቀች። «ጌታዬ፣ እኔና ዘሬ ነፃ የምንወጣው መቼ ነው?» አለች።

ጓንጉል ጠጅ ጠጥቷል። ሳቀ። «የምትፈጪበት ወፍጮ ተበስቶ ዱቄቱ ከታች የፈሰሰ ቀን ሂዱ። ጓንጉል ይሙት!» ብሎ በሽማግሌዎቹ ፊት ማለ። ድንጋይ መቼ ይበሳል ብሎ ነው። ፈጭቶ የማያውቅ ሰው ስለ ወፍጮ ምን ያውቃል?

ወፍጮ፣ ልጆቼ፣ ሲለሰልስ አይፈጭም። ስለዚህ በየጊዜው በድንጋይ እየተመታ ይወቀራል። በተወቀረ ቁጥር ይሳሳል። ወርቂቱ ፈጨች፣ ወቀረች፤ ፈጨች፣ ወቀረች። ወፍጮው ሳሳ። ጓንጉል አየና እንቅልፍ አጣ።

ወርቂቱ ሞተች። ልጇ አስካለ እናቷን ቀብራ ስትመለስ ወፍጮው ሻካራና ወፍራም ሆኖ ጠበቃት። «አስወቅሬልሽ ነው» አላት ጓንጉል። እያለቀሰች ነበርና አመነችው። ፈጨች፣ ወቀረች።

ወፍጮው ዳግም ሳሳ። አስካለ ሴት ልጅ ወልዳ ከአራስነቷ ስትነሳ ወፍጮውን ወፍሮ አገኘችው። «አስወቅሬልሽ ነው» አላት። ደክሟት ነበርና አመነችው።

ልጅቷ እንኮዬ ተባለች። ጥያቄዋ አያልቅም።

«እማዬ፣ ወፍጮው ሲሳሳ ድንጋዩ የት ይሄዳል?»

«ከዱቄቱ ጋር ነዋ።»

«ዱቄቱስ?»

«ጌቶች ይበሉታል።»

«ድንጋይ በልተው ሆዳቸውን አያማቸውም?»

አስካለ ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ዘመኗ ነበር።

እንኮዬ አደገች። አስካለ ግን ጉልበቷ ከዳት፤ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እንኮዬ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ እናቴ እንደ አያቴ በባርነት ትሞትብኛለች ብላ። ወፍጮው ለሦስተኛ ጊዜ ሳሳ። ጓንጉል እናትና ልጅን እንጨት ልቀሙ ብሎ ቆላ ላካቸው። ሲመለሱ ወፍጮው ወፍሯል።

«አስወቅሬላችሁ ነው» አለ።

«ጌታዬ፣ ወፍጮ ሲወቀር ይሳሳል እንጂ ይወፍራል?» አለች እንኮዬ።

«ዝም ብለሽ ፍጪ።»

አፏ ዝም አለ፤ ዓይኗ ግን ዝም አላለም። ድንጋይ አይበሰብስም፣ አይቃጠልም፤ ታዲያ የት ገባ? ብላ ግቢውን ዞረች። ዶሮዎቹን አየች። ውሃ የሚጠጡት ከአሮጌ ወፍጮ ነው። እናቷ የወርቂቱን መጅ፣ ያንን እህል የሚደፈጥጡበትን የእጅ ድንጋይ፣ ለመታሰቢያ አስቀምጣው ነበር። እንኮዬ አምጥታ ሞከረችው። ልክክ ብሎ ገባ።

በማግስቱ መጁን ይዛ፣ ወፍጮውን ተሸክማ ከእናቷ ጋር ሄደችና ዋርካ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠችው። ጓንጉልም ተጠራ።

«ይሄ የዶሮ ውሃ መጠጫ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ አዲሱን ወፍጮ ከቤት አስመጥተው መጁን ሞከሩበት፤ ተንገዳገደ። በአሮጌው ሞከሩት፤ ገጠመ። ጓንጉል ፊቱ ጠቆረ።

«እሺ፣ የወርቂቱ ይሁን። ግን የታለ የተበሳው? እኔ የማልኩት ሲበሳ ነው።»

«እውነቱን ነው፣ አልተበሳም» አለች እንኮዬ። «አባቶቼ፣ አንድ እፍኝ ማሽላ ስጡኝ።» መጁን ለእናቷ አቀበለቻት። «እማዬ፣ አንቺ ፍጪው።»

አስካለ ተንበረከከች። አንዴ ገፋች። ሁለቴ ገፋች። በሦስተኛው ድንጋዩ ተበሳና ዱቄቱ ከታች ፈሰሰ። ትልቁ ሽማግሌ ወፍጮውን አነሳና በቀዳዳው ጓንጉልን አየው።

«ምለሃል» አለው።

እናትና ልጅ የወርቂቱን መጅ ይዘው ወጡ። አስካለ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አረፈች፤ ተነሺ የሚላት አልነበረም። ጓንጉልማ፣ አዲሱ ወፍጮ እስኪበሳ ድረስ የሚበላውን ራሱ እንዲፈጭ ተፈረደበት። እስከ ዛሬ አልተበሳለትም ይባላል።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኔ ፈጭቼ ጨርሻለሁ፤ ጠጠር የደረሰው ካለ ይትፋው።