ልብስ ሰፊዋና የሚሸሸው ዝርዝር

ጆሮ ለሰጠኝ ሰው የማያስቆጭ ወግ አለኝ። አንድ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ አሠራና ኃላፊው አቶ ስንሻው በአዳራሽ አስመረቁት። "ከዛሬ ጀምሮ በወረቀት አናስተናግድም!" ብለውም ዐወጁ።

የንግድ ፈቃዷ በዚያው ቀን የሚያበቃ አንዲት ልብስ ሰፊ ተነሥታ "ጌታዬ፣ እኔ ሞክሬ አቃተኝ" አለች።

"ድረ ገጹ ምን አጠፋ? ያልሠለጠነው እጅሽ ነው። በይ ነይ፣ ሕዝቡ ፊት 'እድሳት' የሚለውን ካገኘሽ አሁኑኑ አድስልሻለሁ። ካላገኘሽ ሱቅሽ ይታሸጋል!"

ማውሱን ያዘች። ላስረዳችሁ፦ የድረ ገጹ የአገልግሎት ዝርዝር የማውሱ ቀስት ሲያርፍበት ወደ ታች ይዘረጋል፤ ቀስቱ የፀጉር ያህል ከሳተ ግን ይጠቀለላል። አናቱ ላይ የኃላፊው መልእክት፣ የኃላፊው ጉብኝት፣ የኃላፊው ፎቶ ተደርድረዋል፤ እድሳት አርባኛ ነው። ሦስት ጊዜ ወረደች፣ ሦስቴም ተዘጋባት።

"አላልኩም?" አሉ አቶ ስንሻው እየሳቁ።

"እጄስ በጨለማም ክር በመርፌ ያስገባል" አለች። "ዝርዝሩ ግን ቁርጥ ቢሮዎን ነው፤ ከላይ እርስዎ፣ ከታች ጉዳዬ፣ ልደርስ ስል ይዘጋል። ሥልጣኔውን ግን አልክድም። ድሮ ቢሮው ለምሳ እስኪዘጋብኝ ስድስት ሰዓት ድረስ እጠብቅ ነበር፤ አሁን ወዲያው ይዘጋልኛል።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኃላፊው ማውሱን ነጥቀው ቢሞክሩ በእሳቸውም ተዘጋ፤ ያንኑ የጠሉትን ወረቀት አስመጥተው ፈቃዱን አደሱ። በማግስቱ እድሳት ዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ፤ ዝርዝሩም አንዴ ከተከፈተ ካልዘጉት የማይዘጋ ሆነ።

ድረ ገጽ ያላችሁ፣ ማውሱን ለእናታችሁ ስጡና ሞክሩት።